የገበያ ሙያ ከማን ይሸመታል?

ሥልጠና ራሱ ሸቀጥ ሆኗል። በየሆቴሉ አዳራሽ የሁለትና የሦስት ቀን የሽያጭ ሥልጠና ይሰጣል። ኮሌጆች የማታ ትምህርት ያቀርባሉ። በቴሌግራምና በቲክቶክ ደንበኛ እንዴት እንደሚሳብ የሚያስተምሩ ሰዎች በርክተዋል። ታላላቅ የውጭ ኩባንያዎች ደግሞ በኢንተርኔት በነፃ አስተምረው ሰርተፊኬት ያድላሉ። አቅርቦቱ በዚህ መጠን በሰፋበት ገበያ የሸማቹ ችግር ዕቃ መለየት ነው። ሁለት የሽያጭ ሠራተኞቹን ለማሠልጠን ገንዘብ የመደበ የአስመጪ ድርጅት ባለቤት የሚያስጨንቀው ጥያቄ “ከማን ብገዛው ያዋጣኛል?” የሚለው ነው።

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ቀደም ሲል ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ተከልሎ የነበረው የላኪነት፣ የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ በተወሰኑ ሁኔታዎች ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። በዚህ በር የሚገባ ተወዳዳሪ ካፒታል ብቻ ይዞ አይመጣም። የሠለጠነ የሽያጭ ሠራተኛና በጽሑፍ የተቀመጠ የአሠራር ሥርዓትም ይዞ ሊመጣ ይችላል። እስካሁን በልምድና በትውውቅ ሲሠራ የቆየ ነጋዴ ከዚህ ጋር የሚወዳደረው በሙያ ነው። ሙያውን ከተሳሳተ ሰው የተማረ እንደሆነ የሚከስረው የሥልጠናውን ክፍያ ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም ጭምር ነው።

በአሁኑ ጊዜ በማርኬቲንግ ሥራ በተሠማሩ ሰዎች ዘንድ የሚታየው ዝንባሌ ከመምህር ይልቅ ሠርቶ ያሳየን፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ትላንት የሸጠን ሰው መምረጥ ነው። ምርጫው ተገቢ ምክንያት አለው። ይሁንና “የሠራ ሰው ያስተምረኝ” ማለት ብቻውን በቂ መለኪያ አይደለም። በገበያው ላይ ያሉት አስተማሪዎች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ፤ እነርሱም መምህሩ፣ ነጋዴው፣ መሣሪያ ሻጩና እኩያው ናቸው። እያንዳንዳቸው የሚሸጡት ዕውቀት የተለየ ነው፤ ጉድለታቸውም እንዲሁ።

መምህሩ

በአገራችን በዘመናዊ የንግድ ትምህርት ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። በዓለም ደረጃ አሜሪካዊው ጀሮም ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ምርት፣ ዋጋ፣ ሥርጭትና ማስተዋወቅ የተባሉትን አራት ምሰሶዎች በመማሪያ መጽሐፉ አስቀመጠ። ፊሊፕ ኮትለርም እ.ኤ.አ. በ1967 ለትውልዶች መማሪያ የሆነውን “ማርኬቲንግ ማኔጅመንት” አሳተመ። ዛሬ ድረስ በየኮሌጁ የሚሰጠው የማርኬቲንግ ትምህርት አጥንቱ ይኸው ነው።

የመምህሩ ብልጫ ብዙ ገበያዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየቱ ነው። አንድ ምሳሌ እንመልከት። በወቅቱ በደቡብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ የኤረንበርግ ባስ ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ባይረን ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አንድ የንግድ ምልክት የሚያድገው በዋናነት ብዙ አዳዲስና አልፎ አልፎ የሚገዙ ሸማቾችን በመድረስ ነው ብለው ተከራከሩ። ጥቂት ታማኝ ደንበኞችን መርጦ በእነርሱ ላይ ማተኮር ያዋጣል ከሚለው የቆየ ትምህርት ጋር ይህ በቀጥታ ይጋጫል። ነገሩ ለሳሙና ወይም ለዘይት አከፋፋይ የወረቀት ክርክር አይደለም። ያለውን ገንዘብ አሥር ትላልቅ ደንበኞቹን በቅናሽ ለመያዝ ያውለው ወይስ ዕቃው በየሰፈሩ ባለ ሱቅ ሁሉ እንዲገኝ ለማድረግ? አንድ መደብር ውስጥ ሃያ ዓመት የቆየ ሰው ይህን ጥያቄ ላያነሳው ይችላል፤ ያየው የራሱን መንገድ ብቻ ነውና።

የመምህሩ ጉድለት በቶጎ በተደረገ ጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት 1,500 አነስተኛ ንግዶችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ተከታትሏል። አንደኛው ቡድን የሒሳብ አያያዝን፣ የማርኬቲንግንና የመሳሰሉትን የተለመደ የንግድ ትምህርት ወሰደ። ሁለተኛው ባለቤቱ በራሱ ተነሳሽነት አዲስ ነገር እንዲፈልግ፣ ቀድሞ እንዲያቅድና እንቅፋት ሲገጥመው እንዳይተው የሚያደርግ ሥልጠና አገኘ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። የሁለተኛው ቡድን ትርፍ ሥልጠና ካላገኘው ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ አደገ። የተለመደውን ትምህርት የወሰዱት ጭማሪ 11 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ይህም በስታቲስቲክስ መለኪያ አስተማማኝ አልነበረም። ትምህርቱ ስህተት ስለሆነ አይደለም። ማወቅና የሚያውቁትን በሱቅ ውስጥ መሥራት የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው ነው።

ነጋዴው

ለነጋዴ አስተማሪ የሚሰጠው ክብር በዓለም ላይም የቆየ ነው። በማስታወቂያ ሥራ ስሙ የገነነው ዴቪድ ኦጊልቪ በኒው ዮርክ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1948 ከመክፈቱ በፊት በስኮትላንድ ከቤት ቤት እየዞረ የምግብ ማብሰያ ምድጃ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ለሻጭ ባልደረቦቹ የጻፈው መመሪያ በሽያጭ ሥራ ላይ ከተጻፉት ምርጥ መመሪያዎች አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኒል ማክኤልሮይም እ.ኤ.አ. በ1931 ለእያንዳንዱ የንግድ ምልክት ራሱን የቻለ ኃላፊ እንዲኖረው የሚጠይቀውን ሐሳብ ያቀረበው በዕለት ሥራው ላይ ከገጠመው ችግር ተነስቶ ነው። ዛሬ “ብራንድ ማናጀር” የሚባለው የሥራ መደብ መነሻው ይህ ነው።

ወደ መርካቶ ስንመጣ፣ ይህ ዓይነቱ ትምህርት ስም ሳይወጣለት ሲሠራበት የኖረ ነው። ወጣቱ በአንድ ነጋዴ መደብር ተላላኪ ሆኖ ይገባል። ዕቃ ይሸከማል፣ ዋጋ ይሰማል፣ ዱቤ የሚከፍለውንና የማይከፍለውን ይለያል። ከዓመታት በኋላ ከአሠሪው ወይም ከአሠሪው ወዳጅ በዱቤ ዕቃ ወስዶ የራሱን ሱቅ ይከፍታል። ሙያ፣ የንግድ ትውውቅና ብድር በአንድ ላይ የሚገኙበት ትምህርት ቤት ነው።

ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚያዋጣ በኬንያ የተካሄደ ጥናት ያመለክታል። በናይሮቢ ዳንዶራ በተባለ ሰፈር አነስተኛ ንግድ የጀመሩ ሴቶች በዕጣ ተከፋፍለው፣ ከፊሎቹ የክፍል ውስጥ የንግድ ትምህርት እንዲወስዱ፣ ከፊሎቹ ደግሞ በዚያው ሰፈር በንግድ የተሳካላት አንዲት ሴት መካሪ እንድትሆናቸው ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው የክፍል ትምህርቱ ትርፍ ላይ የታየ ለውጥ አላመጣም። መካሪ ያገኙት ግን ትርፋቸው በአማካይ 20 በመቶ ጨመረ።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅመው ትርፉ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው። መካሪዎቹ የረቀቀ ዘዴ አላስተማሩም። ያደረጉት ዋና ነገር ዕቃ በርካሽ የሚገኘው ከየትኛው አከፋፋይ እንደሆነ ማሳየት ነበር። ተመካሪዎቹ አቅራቢ ቀየሩ፤ የዕቃ መግዣ ወጪያቸው ቀነሰ፤ ትርፋቸው አደገ። እንዲህ ያለውን መረጃ በመጽሐፍ የሚያገኘው የለም። በዚያ ገበያ፣ በዚያ ወር ሲሸጥ ሲገዛ የዋለ ሰው ብቻ ያውቀዋል።

የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ግን ማስጠንቀቂያ ነው። መካሪና ተመካሪ መገናኘት ሲያቆሙ የትርፍ ጭማሪው እየደበዘዘ ሄደ። የአቅራቢና የዋጋ መረጃ እንደ አትክልት ነው፤ ቶሎ ይጠወልጋል። ከነጋዴ የተማረ ሰው ግንኙነቱን ካላቆየው የተማረው ነገር ከወራት በኋላ ያረጃል። ለደላላም እንዲሁ ነው። የዛሬው የቤት ወይም የመኪና ዋጋ ከነባር ደላላ ሊሰማ ይችላል፤ ዋጋው ለምን እንደተለወጠ ካልተረዳ ግን ለቀጣዩ ለውጥ አይዘጋጅም።

ነጋዴው ሌላም ጉድለት አለው። የተሳካለት ሰው የተሳካለትን ምክንያት ሁልጊዜ በትክክል አያውቅም። ዕቃ በጠፋበት ዓመት ዕቃ የነበረው ሰው “የደንበኛ አያያዜ ነው ያበለጸገኝ” ሊል ይችላል። በዚያው ዘዴ ሠርተው የከሰሩት ደግሞ መድረክ ላይ ወጥተው አያስተምሩም።

በቅርብ ያለ ነጋዴ ሁልጊዜ ከሩቅ ባለሙያ ይበልጣል ማለትም አይቻልም። በኡጋንዳ 930 አነስተኛ ድርጅቶችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2021 በ“ጆርናል ኦፍ ማርኬቲንግ” የወጣ ጥናት ይህን ያሳያል። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ በጎ ፈቃደኛ የማርኬቲንግ ባለሙያዎች በርቀት እየተገናኙ ምክር የሰጧቸው ድርጅቶች ወርኃዊ ሽያጫቸው በአማካይ 52 በመቶ፣ ትርፋቸው ደግሞ 36 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ከሌላ ሙያ ከመጡት አማካሪዎች ጋር ሲነጻጸሩ እነዚህ ባለሙያዎች ረዘም ላለ ጊዜ የተነጋገሩት ስለ ምርቱ ነበር። የረዱትም ድርጅቱ ከጎረቤቱ የሚለይበትን ነገር እንዲያገኝ በማድረግ ነው። በአንድ ረድፍ ያሉ ሃያ ሱቆች አንድ ዓይነት ጫማ በአንድ ዓይነት ዋጋ በሚሸጡበት ገበያ ይህ ትምህርት ዋጋው ከፍተኛ ነው። የሰፈሩ መካሪ ዕቃን በርካሽ መግዛት ያስተምራል፤ የሩቁ ባለሙያ ተለይቶ መሸጥ።

መሣሪያ ሻጩ

ሦስተኛው አስተማሪ የሚያስተምረው በነፃ ነው። ጉግል የማስታወቂያ መሸጫ ሥርዓቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ዛሬ የማስታወቂያ አጠቃቀምን በነፃ እያስተማረ ሰርተፊኬት ይሰጣል። የደንበኛ መከታተያ ሶፍትዌር የሚሸጠው ሐብስፖትም እንዲሁ የራሱ የነፃ አካዳሚ አለው። ትምህርቱ የተደራጀ ነው፤ ገንዘብ ለሌለው ወጣትም ትልቅ ዕድል ነው።

ሆኖም የነፃ ትምህርት ዋጋ የሚከፈልበት መንገድ አለ። የእርሻ መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ አርሶ አደሩን ማረሻውን በነፃ ቢያሠለጥነው ማረሻው እንዲሸጥለት ነው። ማስታወቂያ የሚሸጥ ኩባንያም “ለዚህ ዕቃ ማስታወቂያ አያስፈልግህም” ብሎ ያስተምራል ተብሎ አይጠበቅም። ሁለተኛው ጉዳይ መሣሪያው የሚለካው በአብዛኛው የቅርቡን ውጤት መሆኑ ነው። ሌስ ቢኔትና ፒተር ፊልድ የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ2013 ብዙ የማስታወቂያ ዘመቻዎችን መርምረው እንዳሳተሙት፣ በአማካይ ከማስታወቂያ በጀቱ 60 በመቶው ስምን ለረጅም ጊዜ ለመገንባት፣ 40 በመቶው ደግሞ ለቅርብ ሽያጭ ቢውል የተሻለ ውጤት ይገኛል። ዛሬ ስንት ሰው ስልክ እንደደወለ ብቻ የሚቆጥር ተማሪ 60 በመቶውን ሥራ ሊዘነጋው ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳይ መሣሪያው ሲለወጥ ሙያውም አብሮ መውደቁ ነው። ጉግል ለዓመታት ሲሠራበት የቆየውን የድረ ገጽ ጎብኚ መቁጠሪያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 አቁሞ ሁሉም ወደ አዲሱ እንዲዛወር አደረገ። የአሮጌውን ሰሌዳ ቁልፍ በቃሉ የያዘ ሰው እንደገና ተማሪ ሆነ። ደንበኛው ለምን እንደገዛ መጠየቅን የተማረ ሰው ግን ጥያቄውን ወደ አዲሱ ሰሌዳ ይዞት ሄደ።

እኩያው

አራተኛው አስተማሪ በተመሳሳይ ደረጃ ያለ ሌላ ነጋዴ ነው። በቻይና ናንቻንግ ከተማ በተካሄደ ጥናት የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ሥራ አስኪያጆች አሥር አሥር ያህል እየሆኑ ለአንድ ዓመት በየወሩ እየተገናኙ እንዲወያዩ ተደረገ። አስተማሪ አልተቀጠረላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት የእነዚህ ድርጅቶች ገቢ ካልተገናኙት ጋር ሲነጻጸር 8 በመቶ ገደማ ብልጫ አሳይቷል። አቅራቢና ደንበኛ ተጠቋቁመዋል፤ የአሠራር ልምድም ተለዋውጠዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ነገር ግን ጥናቱ እንዳመለከተው ተወዳዳሪ የሆኑ ድርጅቶች የሚጠቅም መረጃን አንዱ ለሌላው ከመንገር ይቆጠባሉ። ሁለት የጨርቃ ጨርቅ አስመጪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ስለ መንገድና ስለ ታክስ ያወራሉ እንጂ ስለ አቅራቢያቸው አያወሩም። በመሆኑም የእኩያ ማኅበር የሚሻለው የጨርቅ ነጋዴው፣ የፋርማሲው ባለቤት፣ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋዩና የምግብ ቤቱ ባለቤት የተቀላቀሉበት እንደሆነ ነው። ዕድርና ዕቁብ ለለመደ ነጋዴ በወር አንድ ጊዜ እየተገናኙ ስለ ሽያጭ ብቻ መነጋገር እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ወጪውም የሻይ ነው።

ምን እንደጎደለ መለየት

አስተማሪ ከመምረጥ በፊት የጎደለውን ማወቅ ይቀድማል። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን 852 አነስተኛ ድርጅቶች ላይ በተደረገ ጥናት አንዱ ቡድን የማርኬቲንግና የሽያጭ፣ ሌላው የፋይናንስና የሒሳብ ሥልጠና ወሰደ። የሁለቱም ትርፍ አደገ፤ የመጡበት መንገድ ግን ተለያየ። ማርኬቲንግ የተማሩት ብዙ ሸጠው፣ ብዙ ዕቃ ይዘውና ሠራተኛ ጨምረው አተረፉ። ፋይናንስ የተማሩት ወጪ ቀንሰው አተረፉ። ማርኬቲንግ ይበልጥ የጠቀመው ከራሳቸው ንግድ ውጭ ሌላ የንግድ አካባቢ እምብዛም ያላዩትን ሲሆን፣ ፋይናንስ ደግሞ ሥራቸው ቀድሞ የተደላደለውን ነው። ዕቃው እየተሸጠ ገንዘቡ ግን የት እንደሚገባ የማያውቅ ነጋዴ የሽያጭ ሥልጠና ቢገዛ ቀዳዳ ባልዲ ውስጥ ውኃ እንደ መጨመር ነው።

ሒሳቡ

ለምሳሌ ያህል አንድ ድርጅት ሁለት ሻጮችን ለአምስት ቀን ሥልጠና ይልካል እንበል። ክፍያው ለአንድ ሰው 15,000 ብር ቢሆን ለሁለቱ 30,000 ብር ነው። እያንዳንዱ ሻጭ በቀን 2,000 ብር ያልተጣራ ትርፍ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ሁለቱ ለአምስት ቀን ከሥራ በመቅረታቸው 20,000 ብር ይታጣል። ስለዚህ የሥልጠናው እውነተኛ ዋጋ 50,000 ብር ነው።

ድርጅቱ ከመቶ ብር ሽያጭ 20 ብር የሚያተርፍ ከሆነ ይህን ለመመለስ የ250,000 ብር ተጨማሪ ሽያጭ ያስፈልገዋል። የሥልጠናው ጥቅም አምስት ወር ቆይቶ የሚደበዝዝ ቢሆን፣ በየወሩ የ50,000 ብር ተጨማሪ ሽያጭ መታየት አለበት ማለት ነው።  ይህን ቁጥር አስቀድሞ ወረቀት ላይ ያላሰፈረ ባለቤት ሥልጠናው እንዳዋጣ ወይም እንዳላዋጣ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።

ከመክፈል በፊት

አሠልጣኙ ማንም ይሁን ማን አራት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። የመጀመሪያው፣ ራሱ የሸጠው ምንድን ነው፣ ለማንና መቼ? የሚል ነው። ከአሥር ዓመት በፊት መኪና የሸጠ ሰው ዛሬ መድኃኒት ለሚያከፋፍል ድርጅት ያለው ጥቅም ውስን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ሠልጣኙ ትምህርቱን ቢቀበል አሠልጣኙ ከክፍያው ሌላ ምን ያገኛል? ሶፍትዌር፣ የማስታወቂያ ቦታ ወይም ተከታይ ሥልጠና የሚሸጥ ከሆነ ይህ አስቀድሞ ይታወቅ። ሦስተኛው፣ ዘዴው ያልሠራበትን ሁኔታ ሊናገር ይችላል? የማይሠራበት ቦታ የሌለው ዘዴ የለም። አራተኛውና ዋናው፣ ሠልጣኙ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ የሠራውን ተመልክቶ ያርመዋል? የሚለው ነው። የናይሮቢው ውጤት የደበዘዘው ግንኙነቱ ሲቋረጥ እንደነበር ይታወሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድን አስተማሪ ከሌላው አስበልጦ መያዝ አይደለም። ገበያው ዛሬ ምን እንደሆነ ከነጋዴው፣ ገበያው ለምን እንዲህ እንደሆነ ከመምህሩ፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ከሻጩ፣ ሌሎች ምን ሞክረው ምን እንዳገኙ ደግሞ ከእኩያ ይገኛል። ብልህ በሰው ሞኝ በራሱ ይማራል ይባላል። የሥልጠና በጀት ጥቂት የሆነበት ድርጅት በአንድ የሆቴል አዳራሽ ከመጨረሱ በፊት ከገንዘቡ ከፊሉን በየወሩ ለሚመለስና የሠራተኞቹን ሥራ ለሚያይ ሰው ቢያስቀምጥ፣ ከላይ የተጠቀሱት ውጤቶች የሚደግፉት ይህንኑ ነው።